«ደርሰህበታል?»

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስለ ኳስ ወሬ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይበልጣል?» አይደለም፤ «ደርሰህበታል?» ነው። «አዳነን ለሐዋሳ ሲጫወት ደርሰህበታል?» ይባላል። የደረሰ ሰው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይጀምራል፤ ያልደረሰ ዝም ብሎ ያዳምጣል። በእኛ ሰፈር የሰው ዕድሜ በዚህም ይለካል። አንዱ ወሬውን ከደርግ ዘመን ይጀምራል፣ ሌላው ከ1996ቱ ዋንጫ፣ ወጣቱ ደግሞ በዲኤስቲቪ ካየው ጨዋታ። ያላየውን አየሁ የሚል ግን እምብዛም የለም፤ ቢኖርም የሚያርመው ሰው ከጎኑ አይጠፋም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴም ሱቄም ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በሠራሁባት ባለ አንድ በር ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ፣ የነጠላ ጫፍ ዘምዝሜአለሁ፣ የሙሽራ ሱሪ አሳጥሬአለሁ። የሰፈሩ ልጆች የሚያውቁኝ ግን በማልያ ቁጥር ነው። የታተመ ማልያ እንደ ዛሬው በየሱቁ በር ላይ ሳይሰቀል በፊት የሰፈር ቡድን ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ዓይነት ካናቴራ ከገበያ ይገዛና ወደ ልብስ ሰፊ ይመጣ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የሰፈር ውድድር ሲጀመር፣ ሱቄ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በወፍራም ካርቶን ከ0 እስከ 9 የቆረጥኳቸው ቅርጾች አሉኝ፤ ጠርዛቸው ከመነካካት ብዛት ለስልሷል። ቅርጹን ነጭ አቡጀዲ ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን አሰምራለሁ። በቀለም ጨርቅ ቢሆን የሳሙና ስባሪ ይበቃኝ ነበር፤ ነጭ ላይ ሳሙና ስለማይታይ በእርሳስ ነው የማሰምረው። ከዚያ ትንሽ ትርፍ ትቼ እቆርጣለሁ፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ በእጅ መርፌ ወጋ ወጋ አድርጌ እይዘዋለሁ፤ በመጨረሻ ወደ ስፌት መኪናው ይገባል። 1 እና 7 ቶሎ ያልቃሉ። 8 ግን ያስቸግራል። ዙሪያው ሁሉ ክብ ስለሆነ ጨርቁ ይጨማደዳል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ካልወጡ ደግሞ ቁጥሩ የታመመ ይመስላል። 8 ለብሶ የሚጫወት ልጅ ምን ያህል እንደደከምኩበት ሳይነገረው ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ማልያውን ሲቀበል ቀና ብሎ አይቶኝ ነው የሚሄደው።

ከመኪናው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ ደብተር አለ። መጀመሪያ ላይ የምጽፍበት የቡድኑን ስም፣ የማልያውን ብዛት፣ ቁጥሮቹንና የተቀበልኩትን ቀብድ ነበር። እያደር ልጆቹ ከቁጥሩ በላይ ስም እንድሰፋላቸው ይጠይቁኝ ጀመር። የራሳቸውን ስም አይደለም፤ የሚወዱትን ተጫዋች ስም ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር አሰመርኩና «ስም» ብዬ ጻፍኩበት። ያኔ ለሒሳብ ብዬ ያደረግሁት ነው። ዛሬ ገጾቹን ስገልጥ ግን ሐዋሳ በየዘመኑ ማንን ትወድ እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ስለ ከተማችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሆቴሎቿ፣ ስለ ዓሣዋ። ሕዝቧ በልቡ ይዟቸው ስለሚዞረው ስሞች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እነዚህ ስሞች ደግሞ የጨዋታ ትዝታ ብቻ አይደሉም። ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ እንዴት አንድ የከተማ ሰው እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው።

ሐዋሳ ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ምድሩ የሲዳማ ነው፤ ከተማው ሳይኖር ሐይቁ ነበር፣ በሐይቁ ዳር ከብቱን የሚያጠጣ ሕዝብ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገድ ተከትሎ፣ ሥራ ተከትሎ፣ ዘመድ ተከትሎ ሰው ከየቦታው መጣ። አባቴ ከወላይታ ሶዶ ለቀን ሥራ መጥቶ ቀረ፤ እናቴ የይርጋለም ልጅ ናት። ባደግኩበት መንደር ከግራችን ጉራጌ፣ ከቀኛችን አማራ፣ ከፊት ለፊታችን የከምባታ ቤተሰብ ነበር። ልቅሶ ሲሆን በ3 ቋንቋ ይለቀስ ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ሁሉም አባቱ የመጣበትን አገር «አገሬ» እያለ ሊቆይ ይችላል። እኛ ልጆቹ ግን «የእኛ» የምንለው ነገር ያስፈልገን ነበር፤ ያንን ያገኘነው ሜዳ ላይ ነው።

የክለቡ የጥንት ስም ራሱ ይህን ይናገራል። ሰው ሁሉ ለረጅም ጊዜ የሚጠራው «አዋሳ ከነማ» ብሎ ነበር፤ የከተማዋ አጻጻፍ ሲስተካከል «ሐዋሳ ከነማ» ሆነ፣ ዛሬ ደግሞ «ሐዋሳ ከተማ» ይባላል። ከነማ ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሲያጥር ነው። የባንክ አይደለም፣ የጦር ሠራዊት አይደለም፣ የፋብሪካም አይደለም፤ የነዋሪዎች ነው። ደጋፊው «ሐይቆቹ» እያለ የሚጠራው ቡድን ማለት እንግዲህ ይህ ነው። አባቴ ኳስ አይወድም ነበር። ከነማ ሲያሸንፍ ግን «አሸነፍን?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር እንጂ «አሸነፉ?» ብሎኝ አያውቅም።

ትዝታው የሚነገርበት ትልቁ ቦታ የዓሣ ገበያችን አሞራ ገደል ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰው ዳር ዳሩን ይቆማሉ። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ከመረቡ ይለቀማል፤ ልጆቹ በስለት ቅርፊቱን እየገፈፉ፣ ሆድ ዕቃውን ለወፎቹ እየወረወሩ፣ አፋቸው ግን ስለ ትናንቱ ጨዋታ ነው። ጥብሱ በዳጣ እስኪቀርብ ድረስ የሚጠብቀው ሰውም ይገባበታል። እዚያ የሚነገረው የጎል ቁጥር አይደለም። «ኳስ ሲቀበል ጀርባው ላይ ዓይን ያለው ይመስል ነበር» ይላል አንዱ። «ወድቆ ሲነሣ ዳኛውን አያይም፣ ኳሷን ነው የሚያየው» ይላል ሌላው። አንድ ጎረቤቴ የሆነ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ የሚወደውን ተጫዋች የሚያስታውሰው በአረማመዱ ነው፤ ልጁ ከልምምድ ሲመለስ ጫማውን በክሩ አስሮ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሐይቁ ዳር ሲያልፍ ያየው ስለነበር። ጎሉን ረስቶታል። አረማመዱን ግን ተነሥቶ ያሳያል።

በደብተሬ ላይ ገጹ በድንገት የሚጨናነቀው በ1996 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ለማያውቅ ወጣት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ፕሪሚየር ሊጉ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ፤ እስከ 1995 ድረስ በነበሩት 6 የውድድር ዘመናት ዋንጫው ከመብራት ኃይልና ከቅዱስ ጊዮርጊስ እጅ አልወጣም። ሁለቱም የአዲስ አበባ ናቸው። እኛ የክፍለ ሀገር ሰዎች ዋንጫ ማለት አዲስ አበባ የሚቀመጥ ዕቃ ነው ብለን ለምደን ነበር። በ1996 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ከማል አህመድ የሚመራው የእኛ ቡድን ያንን ልማድ ሰበረው። በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ ከአዲስ አበባ ውጪ ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ክለብ ሐዋሳ ነው። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ደገመው።

የዚህን ክብደት ለመረዳት ከዚያ በኋላ የሆነውን መቁጠር ነው። ከአዲስ አበባ ውጪ ሌላ ቻምፒዮን የመጣው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ጅማ አባ ጅፋር። በማግሥቱ ዓመት መቐለ 70 እንደርታ፣ በ2013 ደግሞ ፋሲል ከነማ ተከተሉ። ስለዚህ ሊጉ ከተጀመረ ጀምሮ እስከ 2009 ድረስ ባሉት 20 የውድድር ዘመናት ይህን በር ከፍቶ የገባው አንድ የክልል ክለብ ብቻ ነበር። በሐይቅ ዳር አንድ ሰው ከማል አህመድን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ሙሉጌታ ምህረትንም ሲያነሣ እንዲሁ። ሙሉጌታን በአማካይነት የደረሱበት ሰዎች በኋላ ያንኑ ክለብ ሊያሠለጥን ከመስመር ዳር ሲቆም አዩት። ልጃቸው አድጎ የአባቱን ወንበር የተቀመጠ ያህል ነው የተሰማቸው።

አሁን ወደ አንድ ማልያ ልመለስ።

ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራው፣ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ለመረብ እንጂ ለልብስ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ግን ካናቴራ ገዝቶ መጣና «አዳነ ብለህ ስፋልኝ» አለኝ። አዳነ ግርማ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ክለብ ውስጥ የወጣ። ጋሼ የሚወድለት አንድ ነገር ነበር፦ በየትኛውም ቦታ መሰለፉን። ተከላካይ ሲጠፋ ተከላካይ፣ አማካይ ሲጠፋ አማካይ፣ አጥቂ ሲያስፈልግ አጥቂ ይሆናል። «መረብ ጣል ስትለው መረብ ይጥላል፣ ቅዘፍ ስትለው ይቀዝፋል» ይል ነበር ጋሼ። ከዓሣ አጥማጅ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

ስሙን ከነጭ ጨርቅ ቆርጬ ሰፋሁለት። አጭር ስም ስለሆነ ፊደሎቹን ትልቅ ለማድረግ ተመቸኝ። «አ» ሁለት እግሯን ዘርግታ ትቆማለች። «ዳ» አንድ እግሯ ስለሚረዝም ማመጣጠን ይጠይቃል። «ነ» ቀጭን ስለሆነች ጠርዟን ለማጠፍ ጣት ይበቃታል አይበቃትም ያሰኛል። ጋሼ ያንን ካናቴራ ጀልባ ላይ ለበሰው፣ ስታዲየም ለበሰው፣ ፀሐይና የሐይቅ ውኃ እስኪያነጣው ድረስ ለበሰው።

ከዚያ አዳነ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ። ዛሬ ሳስበው የሚያስቆጣ ነገር የለውም። ጥሩ ተጫዋች የተሻለ ክፍያና የአህጉር ውድድር ወዳለበት ይሄዳል፤ ሙያ ነው። ያን ጊዜ ግን ከተማው ልጁን የተነጠቀ እናት ሆኖ ነበር። ጋሼ ካናቴራውን ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ተርትርልኝ» አለኝ። «ጋሼ፣ ይቅር» አልኩት። «ተርትር አልኩህ» አለ።

ተረተርኩት። ልብስ ሰፊ የሠራውን ሲተረትር ክሩን አንድ በአንድ ነው የሚያነሣው፤ ቢቸኩል ጨርቁ ይቀደዳል። ስጨርስ ሁለታችንም ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ካናቴራው ሁሉ በፀሐይ ነጥቶ ሳለ ከፊደሎቹ ሥር የነበረው ጨርቅ የቀድሞ ቀለሙን እንደያዘ ነበር። «አዳነ» የሚለው ስም ጨርቁ ላይ ጥላ ሆኖ ተጽፎ ቀርቷል፤ በዙሪያውም የመርፌው ቀዳዳዎች እንደ ሰልፍ ተደርድረዋል። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አየውና ምንም ሳይል አጥፎ ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስሙን ሲጠራ አልሰማሁም። ሰው ሲያነሣበት «ሄዷል» ብቻ ይል ነበር።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደረሰ። ጥምቀት ከእግራችን ገና አልወጣም፤ ጃኖውና ነጠላው ከገመድ አልወረደም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከተማ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከዛምቢያ ጋር ታደርጋለች። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ናት። እኛ ሰፈር ያሉት ቡና ቤቶች ሁሉ ሞልተው ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ጋሼም መጥቶ ከበሩ ጎን ቆመ። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፣ በረኛው ኬኔዲ ምዌኔ መለሰበት። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዕረፍት ሊሆን ሲል ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። 10 ሰው፣ በአንድ ጎል መመራት፣ በሻምፒዮኑ ፊት። ቡና ቤቱ ውስጥ የስኒ ድምፅ እንኳ አልነበረም።

በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባ።

ምን እንደተፈጠረ ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ወንበር ተገለበጠ፣ ሰው በሰው ላይ ወጣ፣ መንገድ ላይ ባጃጆች ጥሩምባቸውን ለቀቁት። ኢትዮጵያ በ1974ቱ የሊቢያ ውድድር አንድ ጎል እንኳ ሳታገባ ስለተመለሰች ይህ በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ ለአንድ ሙሉ ትውልድ የመጀመሪያው ጎል ነበር፤ ያገባው ደግሞ የሐዋሳ ልጅ ነው። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ጋሼን በዓይኔ ፈለግሁት። በሩ ጎን እንደቆመ ነው፤ አልዘለለም፣ አልጮኸም። «የእኛ ነው» አለኝ። ከዚያ ደገመው፤ «የእኛ ልጅ ነው።»

በማግሥቱ ሱቄን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ብብቱ ሥር ያ ካናቴራ አለ። «መልሰህ ስፋው» አለኝ። አዲስ ፊደል ቆረጥኩ፤ በጥላው ላይ ሳስቀምጠው ልክ ሆነ። ካርቶኑ ያው ስለሆነ መሆኑን አውቃለሁ። መርፌዬ ግን የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ራሷ እየፈለገች የምትገባ መሰለኝ። ደብተሩን አውጥቼ በዚያ ቀን ገጽ ላይ «አዳነ፣ 1፣ ክፍያ የለም» ብዬ ጻፍኩ። አዳነም በኋላ በጨዋታ ዘመኑ ማብቂያ ላይ ተመልሶ የሐይቆቹን ማልያ ለብሷል፤ ጋሼ ይህንን አልደረሰበትም።

እኔ ከዚያ ማልያ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ሕዝብ የሚወደውን ተጫዋች በውል አይደለም የሚይዘው። ውሉ ሲያልቅ ክለቡ ሊለቀው ይችላል፤ ያየው ሰው ግን አይለቀውም። ክሩ ቢወጣ ጥላው ይቀራል።

ሌሎቹንም እንዲሁ ነው የያዝናቸው። ሽመልስ በቀለ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገባ፣ ከዚያ ሊቢያ፣ በኋላም ግብፅ ሄዶ ለፔትሮጄት ለዓመታት ተጫወተ። ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች ከአገር ውጪ መቆየት በሚከብዳቸው ዘመን እሱ ሥር ሰድዶ ቆየ። በደብተሬ ላይ «ሽመልስ» የሚለው ስም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብቅ ይልና ከዚያ ወዲያ ለዓመታት አይጠፋም፤ ስፋልኝ የሚሉት ልጆች ከዓመት ዓመት በዕድሜ እያነሱ ይሄዳሉ እንጂ። ለሐዋሳ ሲጫወት ያልደረሱበት ልጆች ከአባቶቻቸው ወርሰውት ነው የሚመጡት።

ጌታነህ ከበደ የዲላ ልጅ ነው። ሐዋሳን መቀመጫው ካደረገው ከደቡብ ፖሊስ ተነሥቶ ነው ወደ ደደቢት፣ ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ የሄደው። በ2009 ዓ.ም. በደደቢት ማልያ በአንድ የውድድር ዘመን 25 ግብ አስቆጥሮ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. በ29 ግብ እስኪያልፈው ድረስ ይዞት ቆየ። አምበል ሆኖ በካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በቡርኪና ፋሶ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ።

አሁን እንቁጠር። ኢትዮጵያ በ2005ቱና በ2014ቱ የአፍሪካ ዋንጫዎች በጠቅላላው ያገባችው 3 ጎል ነው። አንዱ የዳዋ ሆቴሳ ነው። ሁለቱ የአዳነና የጌታነህ ናቸው፤ ሁለቱም በልጅነታቸው እዚህ፣ በሐዋሳ ክለቦች ኳስ የመቱ። ሁለቱም ጎሎች የገቡት በጥምቀት ሰሞን ነው፤ አንዱ ከበዓሉ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሌላው ሁለት ቀን በፊት። አሞራ ገደል ላይ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ጥር ሲገባ ያነሡታል፤ የሚያነሡትም እንደ ገድል ነው።

ስለ ወንዶቹ ብቻ ጽፌ ባቆም ደብተሬ ይታዘበኛል። በ2000ዎቹ አጋማሽ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ «ሎዛ ብለህ ስፋልኝ» አለችኝ። የሴት ተጫዋች ስም ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነበር። ሎዛ አበራ የዱራሜ ልጅ ናት፤ ከከምባታ መጥታ በሐዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድን ተጫወተች። ከዚያ ወደ ደደቢት ሄዳ ግብ በግብ ላይ ደረደረች፣ ለሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ለሉሲዎቹ ዋና አጥቂ ሆነች፣ ወደ ስዊድን ተሻገረች፣ በማልታ ከቢርኪርካራ ጋር የሊግ ዋንጫ አነሣች፣ በ2016 ክረምት ደግሞ ለአሜሪካው ዲሲ ፓወር ፈረመች። ያቺ ልጅ ያኔ ይህ ሁሉ እንደሚመጣ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። እሷ የምታውቀው ሎዛን ሜዳ ላይ ማየቷን ነው። ደርሳባታለች። ዛሬ እሷ ራሷ እናት ልትሆን በምትችልበት ዕድሜ ላይ ናት፤ ስታገኘኝ የምታነሣልኝ ያንን ማልያ ነው።

የትልልቆቹ ታሪክ በከፊልም ቢሆን ተጽፏል። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ጀግኖች፣ እነ መንግሥቱ ወርቁን፣ እነ ሉቻኖ ቫሳሎን፣ መጽሐፍም ጋዜጣም ያውቃቸዋል። ገነነ መኩሪያ፣ ሊብሮ የምንለው፣ ዕድሜውን የሰጠው ያለፉትን ተጫዋቾች ከመረሳት ለማዳን ነው። ደምሴ ዳምጤም በሬዲዮ ድምፁ ያላየነውን ጨዋታ አሳይቶናል። ነገር ግን የአገሪቱ የኳስ ታሪክ ሲጻፍ ብዕሩ ከአዲስ አበባ ስታዲየም ርቆ አይሄድም። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ዱራሜ፣ አርባ ምንጭ የሚታዩት ልጆቻቸው አዲስ አበባ ሲደርሱ ነው። ልጁ ከመድረሱ በፊት የት ሜዳ ላይ እንደወደቀ፣ ማን ጫማ እንዳዋሰው፣ ማን «በርታ» እንዳለው የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ሲሞት ታሪኩ አብሮት ይቀበራል።

ደብተሬ ውስጥ በሬዲዮ ተጠርተው የማያውቁ ስሞችም አሉ። የሰፈር ክረምት ውድድር ላይ በግ ተሸልመው ያስበሉን ልጆች ናቸው። አንዱ በግራ እግሩ ከመሐል ሜዳ ያገባ ነበር፤ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ ተሳፋሪዎቹ አያውቁትም፣ እኔ ግን ስሙን 4 ጊዜ ሰፍቼዋለሁ። ሌሎች ልጆች የእሱን ስም ጀርባቸው ላይ አሰፍተው ነበር እኮ! የሚወደድ ተጫዋች ለመሆን ብሔራዊ ቡድን መግባት ግድ አይደለም። አንድ ሰፈር ቆሞ ካየህ፣ አንድ ልጅ እንደ አንተ ልሁን ካለ፣ ሆነሃል።

ስለዚህ ለሐዋሳ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጻፉት። አባትህ ማንን ደርሶበት እንደሆነ ዛሬ ጠይቀው። እናትህ ሬዲዮ ስታዳምጥ የማንን ስም ስትሰማ እጇን ከሊጡ ታነሣ እንደነበር ጠይቃት። የቆየ ማልያ ካለ አትጣለው፣ ጀርባውን ፎቶ አንሣው። ከተማችን ገና ወጣት ናት፤ ከመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ ዛሬም አሞራ ገደል ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዓሣቸውን ይበላሉ። ታሪኳን ከምንጩ ለመቅዳት የታደልን እኛ ነን።

ጋሼ ካረፈ በኋላ ካናቴራውን ሚስቱ ሰጠችኝ፤ ሱቄ ውስጥ ከመስተዋቱ ጎን ተሰቅሏል። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጁ ማልያ ሊያሰፋ ከጓደኞቹ ጋር መጣ፤ የሚወደውን ተጫዋች ስም በእጁ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ። ስለካው ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ።

«አያ፣ አዳነን ደርሰህበታል?» አለኝ።

«ደርሼበታለሁ» አልኩት። «አያትህም ደርሶበታል።»

ካናቴራውን አውርጄ ሰጠሁት። ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አስኬደ፤ «ዳ» ጋ ሲደርስ ቆመና ከአዲሱ ክር ሥር ያሉትን የድሮ ቀዳዳዎች አገኛቸው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ወንበር ሳብኩለት። ጓደኞቹም ተጠግተው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩ።